የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ሕግ ይውጣለት
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ግልባጭ፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ፣ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ ፖሊስ በተጠርጣሪዎች፣ በተበዳዮችና በምስክሮች ላይ ፖሊግራፍ ስለሚጠቀምበት ሁኔታ ግልጽ ሕግ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ፖሊስ ወንጀልን በሳይንስ እንዲመረምር ከሚወተውቱት ሰዎች አንዱ ነኝ። የጣት አሻራ፣ የዲኤንኤ ምርመራ፣ የስልክና የካሜራ መረጃ በዱላ ከሚገኝ ቃል እንደሚሻሉ የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ከእነዚህ ጋር እየተደባለቀ ስሙ የሚነሣ፣ የሳይንስን ልብስ የለበሰ አንድ መሣሪያ አለ። ፖሊግራፍ ይባላል፤ በተለምዶ የውሸት መመርመሪያ። የምጽፍላችሁ ስለ እርሱ ነው። ይህ መሣሪያ በሰው ላይ ከመዋሉ በፊት ሕግ ይውጣለት። ሕጉም ውጤቱን ከችሎት በማገድ ብቻ እንዳይቆም፣ የምርመራ ክፍሉን በር አልፎ ይግባ።

ይህን ሁለተኛውን ነጥብ አጥብቄ የምይዝበት ምክንያት አለኝ። ስለ ጉዳዩ ከሕግ ሰዎች ጋር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «ፍርድ ቤት ስለማይቀበለው ችግር የለውም» የሚል ነው። አሜሪካ ይህን መልስ ከመቶ ዓመት በላይ ሞክራዋለች። ምን እንዳስከተለ ለማየት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፖሊግራፍ ውሸት አይለካም። በደረትና በሆድ ላይ የሚታሰሩ ቱቦዎች አተነፋፈስን ይመዘግባሉ፤ ክንድ ላይ የሚታሰረው መጠቅለያ የደም ግፊትንና የልብ ምትን፣ ጣቶች ላይ የሚደረጉት ደግሞ ላበትን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሰው ግምት ነው። በብዙ ቦታ በሚሠራበት ዘዴ መርማሪው ስለ ወንጀሉ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ጎን «የሰው ነገር ወስደህ ታውቃለህ?» የሚሉ አጠቃላይ ጥያቄዎችን ይጨምራል። ንጹሕ ሰው በአጠቃላዩ ጥያቄ ይበልጥ ይደነግጣል፣ ወንጀለኛው ግን ስለ ወንጀሉ ሲጠየቅ ይበልጥ ይደነግጣል ተብሎ ይታሰባል። አስቡት። ባልሠራው ግድያ ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው «አንተ ነህ የገደልከው?» ሲባል ልቡ የማይመታው ለምንድን ነው? ፍርሃት፣ ቁጣ፣ እፍረት፣ ሕመም ልብን ያስመታሉ። ለውሸት ብቻ ተለይቶ የተሰጠ የሰውነት ምልክት የለም። መርማሪውም ሥራውን የሚጀምረው ማሽኑ እንደማይሳሳት ተመርማሪውን በማሳመን ነው፤ ተመርማሪው ካላመነ ዘዴው አይሠራምና።

እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ስለዚህ መሣሪያ ባወጣው ጥናት አንድ ስሌት አቅርቦ ነበር። 10,000 ሠራተኞች ባሉበት መሥሪያ ቤት ውስጥ 10 ሰላዮች አሉ እንበል። ፈተናው ከአሥሩ ስምንቱን እንዲይዝ ተደርጎ ቢስተካከል፣ ከእነርሱ ጋር ወደ 1,600 የሚጠጉ ንጹሐንን አብሮ ይጠረጥራል፤ ሁለቱ ሰላዮች ደግሞ ያመልጣሉ። ያመለጡ አሉ። ለሶቪየት ኅብረትና በኋላም ለሩሲያ ይሰልል የነበረው የሲአይኤ ባልደረባ አልድሪች ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991 ሁለት ጊዜ ተመርምሮ አልፏል። በዋሽንግተን ግዛት በርካታ ሴቶችን የገደለው ጋሪ ሪጅዌይም እ.ኤ.አ. በ1984 ፈተናውን አልፎ ወደ ቤቱ ሄደ። የተያዘው በ2001 ነው፤ የያዘውም ዲኤንኤ ነው።

ፍርድ ቤቶች ይህን ድክመት ቀድመው ያዩ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1923 በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ፍራይ የተባለ ተከሳሽ በደም ግፊት ልኬት ንጽሕናውን ለማስረዳት ሲጠይቅ አልተቀበለውም፤ ዘዴው በሙያው ባለቤቶች ዘንድ ገና አጠቃላይ ተቀባይነት አላገኘም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሼፈር ጉዳይ ስለ መሣሪያው አስተማማኝነት ስምምነት እንደሌለ ገልጾ፣ በወታደራዊ ፍርድ ቤቶች የተጣለበትን እገዳ አጸና። በዚያው ዓመት የጀርመን ከፍተኛው የወንጀል ችሎት ፖሊግራፍን ፈጽሞ የማይረባ ማስረጃ አለው፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1987 በሩን ዘግቶበታል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮን የመሰሉ ጥቂት ግዛቶች ይለያሉ እንጂ በአብዛኛው ውጤቱ በወንጀል ችሎት አይሰማም፤ ከተሰማም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው።

እንግዲህ በሩ ከተዘጋ መቶ ዓመት ሆኖታል። ታዲያ የአሜሪካ ፖሊስ ማሽኑን ለምን አልጣለውም?

መልሱ ጄፍሪ ዴስኮቪች በተባለው ሰው ታሪክ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ፒክስኪል በምትባል ከተማ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ተገድላ ተገኘች። ዴስኮቪች በዚያው ትምህርት ቤት የሚማር የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሐዘኑ በዛ ተብሎ ተጠረጠረ። በጥር ወር መርማሪዎች ለፖሊግራፍ ምርመራ ከከተማው ውጭ ወሰዱት። ቤተሰቡ የት እንዳለ አያውቅም፤ ጠበቃ የለውም፤ ምግብ አልተሰጠውም፤ ቡና ግን ተሰጠው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ለስድስት ሰዓት ያህል ከተያዘ በኋላ ፈተናውን እንደወደቀ ተነገረው። በመጨረሻም አመነ። ቃሉን ሲጨርስ ጠረጴዛ ሥር ተኮራምቶ ያለቅስ ነበር።

በኒው ዮርክ የፖሊግራፍ ውጤት ለፍርድ ቤት አይቀርብም። ማሽኑ ያስገኘው የእምነት ቃል ግን ቀረበ። ከችሎቱ በፊት የተደረገው የዲኤንኤ ምርመራ ከሟች ላይ የተገኘው ናሙና የእርሱ እንዳልሆነ አሳይቶ ነበር፤ የሕዝብ ዳኞቹ ከዲኤንኤው ይልቅ ቃሉን አመኑ። ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ናሙናው በሌላ ግድያ ታስሮ ከነበረ ሰው ጋር ሲገጥም ነጻ ወጣ። ያ ሰው ሁለተኛውን ግድያ የፈጸመው ዴስኮቪች በእርሱ ፋንታ እስር ቤት ተቀምጦ ሳለ ነው።

ከእርሱ በፊት በኮኔቲከት ፒተር ራይሊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 እናቱ ተገድላ ያገኛት የ18 ዓመት ወጣት። ፖሊግራፉ እንደዋሸ ያሳያል ሲባል የገዛ ትዝታውን መጠራጠር ጀመረ፤ ሳላውቀው አድርጌው ይሆናል ብሎ ፈረመ። ተፈርዶበት ኋላ ነጻ ወጣ።

የተከበራችሁ አባላት፣ መሣሪያው በፖሊስ እጅ ያለው ዋና ጥቅም ይህ ነው። ማስረጃ አያወጣም፤ ሰው ያሸንፋል። ተጠርጣሪውን «እኔ አይደለሁም የምልህ፣ ሳይንሱ ነው» ብሎ ተስፋ ማስቆረጫ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ብቻ ያገደ ሕግ የወንዙን ምንጭ ትቶ ጅረቱን ገድቧል፤ በማሽኑ ፊት የተገኘው ቃል በሌላ በር ወደ መዝገቡ ይገባል።

እኛ ይህን ከማንም በላይ መረዳት የሚገባን ሕዝብ ነን። አያቶቻችን ሌባ ሻይን ያውቁታል። ንብረት ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያናውዝ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁ ራሱን ስቶ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይቀጣል፣ ያስከፍሉታል። ይህ በመንደር ሹክሹክታ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ሹማምንት የሚያዙት የምርመራ ሥርዓት ነበር። የሚፈራው ሌባ አንዳንድ ጊዜ ሳይጠበቅ ተናዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህም «ይሠራል» ለማለት በቂ ሆኖ ቆየ። ልጁ በራቸው ላይ የወደቀባቸው ንጹሐን ግን የሚሟገቱት ከማን ጋር ነበር? የሕፃኑን ስካር መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም። የማሽኑንም መስመር መጠየቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ሕጋችን ልምጣ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በራሱ ላይ በማስረጃነት ሊቀርብ የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 መርማሪ ፖሊስ በማባበያ፣ በማስፈራሪያ፣ በተስፋ ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ መንገድ እንዳይጠቀም ይከለክላል። በአንቀጽ 34 ደግሞ የተጠርጣሪውን አካል መመርመር ካስፈለገ ምርመራውን የሚያደርገው የተመዘገበ ሐኪም እንደሆነ ይናገራል። ከሰው ክንድ ጥቂት ደም ለመውሰድ ሐኪም እንዲኖር ያዘዘ ሕግ፣ የዚያኑ ሰው ልብና ትንፋሽ ለሰዓታት እየለኩ በጥያቄ ስለማጣደፍ አንድም ቃል የለውም። በወጣበት ዘመን ይህ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ዝምታው ክፍተት ነው፤ ክፍተቱም የሚተረጎመው ምርመራ ክፍል ውስጥ ባለው ሰው ነው።

ማሽን ላይ በፈቃዱ የተቀመጠ ተጠርጣሪ ተገዷል ወይ? «ሌላ ተገቢ ያልሆነ መንገድ» የሚለው ሐረግ «ማሽኑ ዋሽተሃል ብሏል» ብሎ መናገርን ይጨምራል ወይ? እኔ ይጨምራል እላለሁ። ነገር ግን የእኔ አስተያየት ለታሰረ ሰው ዋስትና አይሆነውም።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን መልስ የሰጠችው ሕንድ ናት። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙ ድንጋጌዎቹ ከሕንዱ ሕግ ጋር ዝምድና ስላላቸው የዚያ አገር ችሎት የሚለው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሕንድ ፖሊስ ፖሊግራፍን፣ የአንጎል ሞገድ ምርመራንና የሚያፈዝ መርፌን በሰፊው ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2010 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሴልቪ ጉዳይ ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ ለእነዚህ ምርመራዎች አይዳረግም ብሎ ወሰነ። ችሎቱ የሄደበትን መንገድ ልብ በሉት። ዝም የማለት መብት በአፍ ከሚወጣው ቃል ያለፈ ነው፤ ሰውነት ከፈቃድ ውጭ የሚሰጠው ምላሽ የግል ዕውቀትን የሚገልጥ ከሆነ ሰውን በራሱ ላይ ማስመስከር ነው አለ። ፈቃደኛ ለሆነም ሰው አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኗን መመሪያ አስገዳጅ አደረገችው። ፈቃዱ በፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን በዳኛ ፊት ይሰጣል፤ ጠበቃ ይኖራል፤ የሚሰጠው ቃል የእምነት ቃል ተደርጎ እንደማይቆጠር ለተመርማሪው ይነገረዋል፤ ዳኛው ሰውየው ምን ያህል ጊዜ እንደታሰረና እንዴት እንደተያዘ ይመዝናል፤ ምርመራውን ራሱን የሚመዘግበው ከፖሊስ ነጻ የሆነ አካል ነው።

ይህን መመሪያ እንዳለ ገልብጠን እንውሰድ አልልም። የእኛ ሁኔታ ጨምሮ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛው የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው። በእኛ አገር የተጠርጣሪ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ነው። መርማሪ ፖሊስ ቀርቦ ተጨማሪ 14 ቀን ሲጠይቅ፣ ወይም ዋስትናን ሲቃወም፣ የሚያቀርበው ነገር እንደ ፍርድ ሂደት ማስረጃ በጥብቅ አይመዘንም። «ተጠርጣሪው በመሣሪያ ተመርምሮ መዋሸቱ ተረጋግጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እዚያ ቢነበብ ማን ይመልሰዋል? ሕጉ ውጤቱን ከፍርድ ብቻ ሳይሆን ከጊዜ ቀጠሮና ከዋስትና ክርክርም በስም ጠርቶ ማውጣት አለበት። ምርመራውን አልፈልግም ማለትም እንደ ጥርጣሬ ምክንያት እንዳይነሣ። ከዚህ ጋር የሚሄደው የቴሌቪዥን መግለጫ ነው። ክስ ያልተመሠረተበትን ሰው በካሜራ ፊት ማቆም ራሱን የቻለ በደል ሆኖ ሳለ፣ ፈተና ወደቀ የሚል ዜና ቢጨመርበት የንጽሕና ግምት የሚባለው መብት ከወረቀት አያልፍም።

ሌላው ቋንቋ ነው። ይህ ምርመራ የቆመው በጥያቄው አቀራረብ ላይ ነው፤ አዎ ወይም አይደለም የሚባልባቸው አጫጭር ጥያቄዎች ቃል በቃል ተለክተው ይዘጋጃሉ። በአስተርጓሚ በኩል ጥያቄው ሲዞር፣ ተመርማሪው ሁለት ጊዜ ይሰማዋል፣ በሁለተኛው ቋንቋ ትንሽ ይደናገራል። መስመሩ ላይ የሚታየው ያ መደናገር ይሁን ሌላ ማንም አይለየውም። ሰማንያ ገደማ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የማስብላቸው ግን ተበዳዮች ናቸው። በአሜሪካ ፖሊስ ተደፈርኩ ብለው የሚያመለክቱ ሴቶችን ክሱን ከመቀበሉ በፊት ፖሊግራፍ እንዲወስዱ ይጠይቅ የነበረበት ዘመን ነበር። ገንዘብ ተሰረቅኩ ያለውን ነጋዴ ማን እንዲህ ጠየቀው? የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል ያወጣውን ሕግ ሲያድስ፣ ግዛቶች የፌዴራል ድጎማ ለማግኘት ይህን አሠራር እንዲተዉ አስገደደ። በእኛ ጣቢያዎች አንዲት ልጅ ቃሏን ለማስመዝገብ ስንት ዓይነት ጥርጣሬ ማለፍ እንዳለባት የምታውቁት ነው። በዚያ ላይ ማሽን አይጨመርባት። ተበዳይ፣ ምስክርና ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም ሰው ለዚህ ምርመራ እንዳይቀርብ ሕጉ ያለ ልዩነት ይከልክል፤ በፈቃዳቸው ነው የሚባል ማምለጫም አይተውላቸው።

የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ በአክብሮትም እመልሰዋለሁ። «ማሽኑ ከዱላ አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ቀላል ጥያቄ አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በዚሁ ምክር ቤት ፊት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በእስረኞች ላይ ማሰቃየት ይፈጸም እንደነበር በግልጽ አምነዋል፤ በዚያ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከዱላ የሚያወጣ ነገር ሁሉ ተስፋ ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም። ፖሊግራፍም የተወለደው በዚሁ ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ጆን ላርሰን መሣሪያውን ሲሠራ፣ አለቃው ኦገስት ቮልመር ተጠርጣሪን እየደበደቡ ማናዘዝን የሚተካ ዘዴ ይፈልግ ነበር። ላርሰን ግን የኋላ ዘመኑን የጨረሰው የገዛ ሥራውን አጠቃቀም ሲቃወም ነው። ያየው ነገር ግልጽ ነበር፤ ማስገደዱ አልቀረም፣ መልኩን ለወጠ። ዱላ ቢያንስ ቁስል ይተዋል፤ ዳኛ ሊያየው፣ ሐኪም ሊመዘግበው ይችላል። «ማሽኑ አጋልጦሃል» የሚለው ቃል በገላ ላይ ምልክት የለውም። እንግዲህ ለዱላ መድኃኒቱ ሌላ ነው፦ ጠበቃ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ መኖሩ፣ ምርመራው በምስልና በድምፅ ከመነሻው እስከ መድረሻው መቀዳቱ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 እንደሚለው ቃል የሚመዘግብ ዳኛም ፈቃደኝነቱን ከልቡ መመርመሩ።

መሣሪያው ፈጽሞ ይከልከል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ልቤ ወደ እነርሱ ያደላል። ሌላ ዓይነት አጠቃቀም እንዳለ ግን መካድ አልችልም። የጃፓን ፖሊስ በአብዛኛው የሚሠራው ዋሽተሃል አልዋሸህም በሚለው አይደለም፤ ወንጀለኛው ብቻ ሊያውቃቸው የሚችሉ ዝርዝሮችን፣ ለምሳሌ የተሰረቀው ዕቃ ምን እንደነበር፣ ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ በማቅረብ ነው። በሳይንስ ሰዎች ዘንድም የተሻለ መሠረት እንዳለው ይታመናል። ይህ እንኳን የሚሠራው ዝርዝሩ አስቀድሞ በዜና ካልተነገረና መርማሪው ራሱ ለተጠርጣሪው ካላስተማረው ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ሙሉ በሙሉ ለመከልከል ካልወሰነ፣ ቢያንስ ፈቃድ የሚሰጠው በዳኛ ፊት ይሁን፤ ጠበቃው ከተመርማሪው ጎን ይቀመጥ፤ መርማሪ ስለ ውጤቱ ለተጠርጣሪው መናገር አይፈቀድለት፤ በምርመራው ላይና እርሱን ተከትሎ በጣቢያ የተሰጠ ማንኛውም የእምነት ቃል በማስረጃነት አይቅረብ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ከሌለ ሌሎቹ ሁሉ ቢጻፉም ዴስኮቪችን አያድኑትም ነበር።

ሕጉ «ፖሊግራፍ» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍም አሳስባለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2019 የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የከፈለበት አንድ ፕሮጀክት በሃንጋሪ፣ በግሪክና በላትቪያ ድንበሮች የተጓዦችን ፊት በካሜራ እያየ ውሸትን የሚገምት ሥርዓት ሞክሯል። ኅብረቱ በ2024 ያወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ፖሊግራፍንና መሰሎቹን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው መሣሪያዎች ተራ አስቀምጧል። በድምፅ፣ በፊት፣ በዓይን እንቅስቃሴ ወይም በአንጎል ሞገድ የሰውን እውነተኛነት እለካለሁ የሚል ማንኛውም መሣሪያ በአንድ ትርጉም ሥር ይግባ።

ለዓመታት ሲረቀቅና ሲከለስ የኖረው የወንጀል ሥነ ሥርዓትና ማስረጃ ሕግ ለዚህ ተገቢው ስፍራ ነው። እስከዚያው ግን ከቋሚ ኮሚቴው የምጠብቀው አንድ አፋጣኝ ሥራ አለ። ለፌዴራልና ለክልል የፖሊስ ተቋማት፣ ለደኅንነት ተቋማትም ጭምር፣ በጽሑፍ ይጠየቁ፦ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ አላችሁ ወይ? ካላችሁ በየትኛው መመሪያ ትጠቀማላችሁ? መርማሪውን ማን አሠለጠነው? በስንት ሰው ላይ ዋለ? ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ ጠበቃ ነበረው? ለመግዛት ያሰበ ተቋም ካለም ግዢውን ሕጉ እስኪወጣ ያቆይ። መልሱ በይፋዊ የምክር ቤት ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ሲጠራም ጠበቆች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና በማሰቃየት የተገኘ ቃላቸው ተነቦባቸው የተፈረደባቸው ሰዎች እንዲናገሩ ይጋበዙ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕግ ባለሙያ
አዲስ አበባ